ጥቁር ነጥብ የሌለባት

ማስታወቂያው የተለጠፈው በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር፣ «ውሃ ይቆጥቡ» ከሚለው ፖስተር አጠገብ ነበር። ከፖስተሩ ጀርባ ያለው ቧንቧ ስለሚያፈስ ፖስተሩ ግማሹ በስብሷል። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ይህን ማየት ከለመዱ ቆይተዋል፤ አሁን አያስቃቸውም። ማስታወቂያው ግን አዲስ ነው፤ ሦስት ማኅተም አርፎበታል፤ እንዲህም ይላል፦

«ለመስኮት ቁጥር አንድ የደንበኞች መስተንግዶ ሠራተኛ ከውስጥ አወዳድረን መመደብ ስለምንፈልግ፣ መልካም ገጽታ ያለው/ያላት፣ ምንም ዓይነት ጥቁር ነጥብ የሌለበት/የሌለባት ሠራተኛ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ/እንድትመዘገብ እናሳስባለን።»

ነብሮ ሦስት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ በዓይኗ፣ ቀጥሎ በጣቷ፣ በመጨረሻ ግራ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ።

ነብሮ የቅጽል ስሟ ነው። ያወጣችላት የምክትል ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት፤ «በፍቅር ነው» ትላለች ሲጠይቋት። ጉዳዩ ጉንጯ ነው። የልጅነት ብጉሯ ሲሄድ ምልክቱን ትቶላት ሄደ፤ ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ደግሞ ማድያት መጣና በተረፈው ቦታ ላይ ሰፈረ። ልጁ ተወልዶ ትምህርት ቤት ገባ፤ ማድያቱ ግን ጓዙን ሊጠቀልል አላሰበም።

ሥራዋ መዝገብ ቤት ነው። ምድር ቤት ውስጥ፣ በሠራተኞችና በደንበኞች ማኅደር መካከል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ክፍሉ መስኮት የለውም። ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው ማኅደር ሊጠይቅ የወረደውን ሰው ጫማ አይታ ነው። ላይ ያለ ሰው «ደህና አደርሽ» ይባላል፤ እሷ «ቁጥሩ ይኸውልሽ» ነው የምትባለው። መስኮት ቁጥር አንድ ጋ የምትቀመጥ ሴት ግን የመንገዱን ግራና ቀኝ በሙሉ ታያለች፤ ሰው ያናግራታል፤ ቢሰድባትም እንኳ ፊት ለፊት ነው። ነብሮ ይህን ወንበር የተመኘችው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የተቀመጠችበት ሴት ጡረታ እስክትወጣ ጠበቀች። ይኸው ወጣች።

አሁን ስለ ስሕተቱ እንናገር። በመዝገብ ቤት ቋንቋ የዲሲፕሊን ቅጣት «ቀይ ወረቀት» ነው የሚባለው፤ ማስጠንቀቂያው በቀይ ወረቀት ታትሞ ማኅደር ውስጥ ስለሚገባ። «ጥቁር ነጥብ» ያው ቅጣት በላይኛው ፎቅ ቋንቋ ነው። ሁለቱ ፎቆች ደግሞ ከተነጋገሩ ቆይተዋል።

«አየሽው?» አለች ጸሐፊዋ፣ ከቢሮዋ ብቅ ብላ።

«አየሁት። ግን ይቺ ጥቁር ነጥብ የምትለዋ...»

«እኔ ምን ላድርግ የኔ እናት፣ ምክትሉ ያለኝን ነው የተየብኩት።» ዓይኗ ጉንጯ ላይ ትንሽ ቆየ። «መስኮት እኮ ነው። ሰው ውሃ ጠፋብኝ ብሎ ጦፎ ነው የሚመጣው። ፊት ያስፈልጋል።»

«እኔ ፊት የለኝም?»

«ፊትማ አለሽ። ትርፍ ነገር ተቀምጦበት ነው እንጂ።»

ነብሮ በዚያው ቀን ተመዘገበች፤ ከዚያ ቀጥታ ፋርማሲ ሄደች።

ፋርማሲስቷ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰቀለች፣ ነጭ ጋዋኗን እስከ ክርኗ የጠቀለለች ወጣት ናት። ነብሮን ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጋ ግራና ቀኝ ጉንጯን መረመረች።

«ማድያት ነው፤ የብጉር ጥቁረትም አለበት። አሲድ ልስጥሽ።»

ነብሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ምን በደልኩሽ?»

«አይዞሽ፣ የሚያቃጥለው አይደለም። ግላይኮሊክ ይባላል፤ ሸንኮራ አገዳ ውስጥ እንኳ አለ። ላይ ላዩን ያለውን የሞተ ቆዳ ቀስ እያለ ያነሳዋል፤ ከሥር አዲሱ ይወጣል።» ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። «መጀመሪያ ከጆሮሽ ኋላ ሞክሪው። ካላሳከከሽ በሳምንት ሁለቴ፣ ከመኝታ በፊት። ጠዋት ጠዋት የፀሐይ መከላከያ ክሬም የግድ ነው። እሱን ከተውሽው ነጥቡ ከድሮው ብሶ ይጠቁራል። ለውጥ ከስምንት ሳምንት በፊት እንዳትጠብቂ።»

«ስምንት? ቃለ መጠይቁ በሦስት ሳምንት ነው የሚባለው።»

«ቆዳ ማስታወቂያ አያነብም» አለች ፋርማሲስቷ፤ ጠርሙሱ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፋ በትልልቅ ፊደል «አሲድ። በሳምንት 2» ብላ ጻፈችበት።

ይህ ወረቀት ነው ቤቱን ያተራመሰው። ነብሮ ጠርሙሱን መስታወቱ ሥር አስቀምጣ ወደ ማድቤት እንደገባች አማቷ አገኙት። አማቷ በቅርብ ጊዜ መነጽር የተገዛላቸው ሴት ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የማያነቡት ነገር የለም።

«ልጄ! ኧረ ልጄ ድረስ! ሚስትህ ራሷን ልታጠፋ ነው! በሳምንት ሁለቴ!»

ባሏ ከግቢው በር ሮጦ ገባ። ሥራው የመኪና ባትሪ መጠገን ነው፤ አሲድ ያልበሳው ሱሪ የለውም። ጠርሙሱን ተቀበለ፣ አሸተተ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ በጉልበቱ ላይ አንድ ጠብታ ጠብ አድርጎ ጨርቁን እያየ ቆመ። እናቱም ጎንበስ ብለው አብረው አዩ። አንድ ደቂቃ አለፈ።

«ሱሪዬን እንኳ አልበሳም» አለ በንቀት። «አንቺ ሴትዮ፣ ተታለሻል። ይሄ ውሃ ነው።»

«ለሱሪ አይደለም! ለፊት ነው፤ ነጥቦቹን ለማጥፋት።»

«የቱን ነጥብ?»

ከልቡ ነበር የጠየቀው። ነብሮ አየችው። አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ይህ ሰው ወይ በጣም ይወዳታል፣ ወይ አንድም ቀን አይቷት አያውቅም፤ የትኛው እንደሆነ ለማጣራት ግን ጊዜ አልነበራትም። ቃለ መጠይቅ አለባት።

«በል፣ ጠርሙሱን መልስልኝ።»

«ልጄ፣ ማድያት ማለት እኮ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል» አሉ አማቷ፣ ድምፃቸው በድንገት ለስልሶ። «ሦስተኛ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም እማማ። ሥራ ነው የሚመጣው።»

በሳምንት ሁለቴ የሚለውን ነብሮ የተረጎመችው በራሷ መንገድ ነው፦ ይህ ቀነ ገደብ ለሌላቸው ሴቶች ነው። ስለዚህ በየቀኑ ተቀባችው። በአምስተኛው ቀን ጉንጮቿ የበሰለ ቲማቲም መሰሉ፤ በስድስተኛው መላላጥ ጀመሩ። መዝገብ ቤት ማኅደር ሊወስድ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ጊዜ አያትና ማኅደሩን ትቶ ወጣ።

«ቆዳውን አንሺው አልኩሽ እንጂ የግድግዳ ቀለም ፋቂ አልኩሽ?» አለች ፋርማሲስቷ። «አሥር ቀን እንዳትነኪው። ቫዝሊን ብቻ። ከዚያ እንዳልኩሽ።»

አሥር ቀን! ነብሮ ያን ቀን ወደ ምድር ቤቷ ስትወርድ ነገሩ አብቅቶለታል ብላ ነበር። ግን መሥሪያ ቤቱን አታውቁትም። ቃለ መጠይቁ መጀመሪያ ምክትል ሥራ አስኪያጁ «የጊዜ አጠቃቀም» የሚል ሥልጠና ስለሄደ ተራዘመ። ቀጥሎ የስብሰባ አዳራሹ ቁልፍ ጠፍቶ ተራዘመ። ሦስተኛ ጊዜ ለምን እንደተራዘመ የሚያስረዳው ደብዳቤ ራሱ ስላልተፈረመ አይታወቅም። የመሥሪያ ቤቱ መጓተት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠቀመ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነብሮ በመስታወት ፊት ስትቆም ነጥቦቹ ከሩቅ የሉም፤ ከቅርብ ደግሞ «አለን» ለማለት የሚያፍሩ ሆነዋል።

«አንቺ!» አለች ጸሐፊዋ፣ አገጯን ይዛ ወዲያና ወዲህ እያዞረቻት። «ነጥቦችሽን የት አደረግሻቸው? አሁን እኮ ድመት ነሽ።»

ድመቷ ማክሰኞ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ገባች።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ናቸው። መካከል ላይ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፤ በቀኙ የሰው ሀብት ኃላፊዋ፣ ፊቷን በፋውንዴሽን የለሰነች ሴት፤ በግራው የሠራተኞች ተወካዩ፣ ጺሙ እስከ ዓይኑ የሚደርስ፣ ሲቀመጥም የሚጮህ ሰው። ፊታቸው የነብሮ ማኅደር ተዘርግቷል። ምክትሉ ያገላብጠዋል፤ ሄዶ ይመለሳል፤ የሚፈልገው ነገር ያጣ ይመስላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ቀይ ወረቀት የለችም። እንዲህ ያለ ማኅደር ሦስቱም አይተው አያውቁም።

«በቀጥታ ልጠይቅሽ» አለ። «ጥቁር ነጥብ አለብሽ ወይስ የለብሽም?»

ነብሮ ይህን ጥያቄ ጠብቃዋለች። «እውነቱን ልናገር ጌታዬ?»

«እውነቱን ነው የምንፈልገው።»

«ነበረብኝ። ያውም ብዙ። አሁን ግን አጥፍቼዋለሁ።»

የተወካዩ እስክሪብቶ ቆመ።

«አጥፍቼዋለሁ ስትዪ...» አለች የሰው ሀብት ኃላፊዋ።

«በአሲድ።»

ከኮሪደሩ የቧንቧው ጠብታ ተሰማ።

«በአሲድ» ደገመ ምክትሉ። «እዚህ? በሥራ ሰዓት?»

«ኧረ ጌታዬ! ቤቴ ነው እንጂ። ቀን ከተሠራ ፀሐይ ያበላሸዋል።»

«እና... ዱካ አይተውም?»

«መጀመሪያ ላይ ቸኩዬ አበላሽቼው ነበር። ተላልጦ፣ ያየ ሁሉ ይደነግጥ ነበር። ሲለምዱት ግን ቀላል ነው።» ወንበሯን አስጠግታ ፊቷን ወደ እነሱ ዘረጋች። «ይኸው ከቅርብ እዩት። ከዚህ በፊት እንደነበረ ያስታውቃል?»

ሦስቱም ማኅደሩን አዩ።

«አያስታውቅም» አለ ተወካዩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ።

«የሚከለክል ሕግ አለ እንዴ?» አለች ነብሮ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች። «ፋርማሲ እኮ በግልጽ ነው የሚሸጠው።»

«ቃለ መጠይቁ በዚህ ይበቃል» አለ ምክትሉ፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ማንም ምንም አልጻፈም።

በማግስቱ ጠዋት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ምድር ቤት ወረደ። ሹመቱን ካገኘ አራት ዓመቱ ነው፤ ደረጃው የት እንዳለ ዘበኛውን ጠይቆ ነው የመጣው። በሩን ከኋላው ዘጋ።

«በመካከላችን ይቅርና» አለ፣ «እኔም አንዲት ነጥብ አለችብኝ።»

ነብሮ ቀና ብላ አየችው። ከአፍንጫው ግራ፣ የምስር ፍሬ የምታክል።

«አውቃታለሁ ጌታዬ።»

«ታውቂያታለሽ?»

«ማን የማያውቃት አለ? እርስዎ ሲገቡ ቀድማ የምትታየው እሷ አይደለች?»

ምክትሉ የማኅደር ካርቶን ላይ ተቀመጠ። «መሥሪያ ቤቱ በሙሉ?»

«አይጨነቁ። ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ስድስት ዓመት።»

«የቆየ ቶሎ አይለቅም፤ ግን ይለቃል። በሳምንት ሁለቴ ነው። እንደኔ እንዳይቸኩሉ።»

«እና አንቺ ትሠሪልኛለሽ?»

«እኔ?» ነብሮ ደነገጠች። «ኧረ ነውር ነው ጌታዬ! ባለቤትዎ አሉ አይደል፣ እሳቸው ያድርጉልዎት።»

«ባለቤቴ እንዳትሰማ!» ተነሣ። ልመናው ዓይኑ ውስጥ ነበር። «አንቺው ጨርሺው። ውለታሽን አልረሳም።»

ሰውየው ሲወጣ ነብሮ ራሷን ነቀነቀች። ስንት ዓይነት ሰው አለ፤ በአንዲት ምስር ይህን ያህል!

ከምሳ በኋላ የሰው ሀብት ኃላፊዋ መጣች። የመዝገብ ቤቱን በር ሁለት ጊዜ ከፍታ ወደ ደረጃው አየች፤ ከዚያ ጠጋ አለች።

«የኔ አሥራ ሰባት ናቸው።»

«ቆጥረዋቸዋል?»

«ባልቆጥራቸውስ? እያንዳንዳቸው ቀን አላቸው፣ ሰዓት አላቸው።»

ነብሮ ከፋውንዴሽኑ በታች ያለውን በዓይነ ሕሊናዋ አየች። የነጥቦቿን የልደት ሰዓት የያዘች ሴት! «ጊዜ ይፈልጋል እትዬ። እርስዎም ትንሽ አርፍደዋል...»

«ማን ነው ማርፈዴን የነገረሽ?» ኃላፊዋ ቀጥ አለች።

«ማንም። እንዲሁ ሲታይ ያስታውቃል። አሁን ቢጀምሩ ግን...»

«ዛሬውኑ ጀምሪ» አለችና ተረከዟን እያንኳኳች ወጣች።

ነብሮ ግራ ተጋባች፤ ግን ደስ ብሏት ነው ግራ የተጋባችው። ፊታቸውን የሚያምኗት አለቆች መስኮቱን አይከለክሏትም። በማግስቱ ፋርማሲ ሄዳ ሁለት ጠርሙስ ልትገዛላቸው አሰበች።

ተወካዩ ባይመጣ ኖሮ እውነትም ታደርገው ነበር። እሱ ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዱ ከደረጃው ላይ እየጮኸ ወረደ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ትዝ አለውና ድምፁን ቀነሰ።

«እኅቴ፣ እኔ ግልጽ ሰው ነኝ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። የኔንም አጥፊልኝ።»

ነብሮ ፊቱን ፈለገችው። ጺም፣ ጺም፣ ሁለት ዓይን። «አንተ ጋ እኮ ጺም እንጂ ነጥብ አላይም።»

«ምን ፊቴን ታይኛለሽ? ማኅደሬን ነው እንጂ! ያቺን ቀይ ወረቀት። አሲድሽን ጠብ አድርጊባትና እንገላገል።»

ነብሮ በእጇ የያዘችውን ማኅደር ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ማስታወቂያው፣ ያ ሹክሹክታ፣ ስድስት ዓመቱ፣ አሥራ ሰባቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጥቁር ነጥብ ማለት ቀይ ወረቀት ኖሯል! አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ጉንጯን የላጠችው ለዚህ ነው። ሳቋ መጣ፤ በመዳፏ ያዘችው።

«መስኮቱስ?» አለች፣ እንደ ዋዛ።

«የቱ መስኮት? አሃ፣ እሱ ለሌላ ሰው ሆነ እኮ። እንዳይከፋሽ፣ ስለወደድንሽ ነው። ሦስታችንም በአንድ ድምፅ ነው የተስማማነው፤ እንዳንቺ ያለ ባለሙያ ከመዝገብ ቤት ማንቀሳቀስ ሀብት ማባከን ነው። ጡረታሽ ድረስ እዚሁ ነሽ። ነገ ጠዋት እንፈርማለን።»

ሳቋ ሄደ።

ሰውየው ሲወጣ ሦስቱን ማኅደሮች አወረደች። ምክትሉ፣ ራሱ በሰበሳቢነት በመራው ስብሰባ ላይ በማንኮራፋቱ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ፣ ያረፈደን ሁሉ በደብዳቤ የምታስጠነቅቀው፣ በማርፈድ አሥራ ሰባት። የሠራተኞች ተወካዩ፣ ውሃ አጣሁ ላለ ደንበኛ «ታዲያ ወንዝ ውረድ» በማለቱ፣ አንድ፣ የመጨረሻ የሚል ተጨምሮበት። ነብሮ በነዚህ ወረቀቶች መካከል አሥራ አንድ ዓመት ስትኖር አንዱንም አንብባ አታውቅም፤ ሥራዋ ማስቀመጥ ነው፣ ማንበብ አይደለም። ስለዚህ ነው የራሷ ማኅደር ባዶ የሆነው፤ ሰው ይህን ማመን አቃተው እንጂ።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱ ለመፈረም እንደተቀመጡ በሩን አንኳኳችና ገባች። ሦስቱን ማኅደሮች በጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረች።

«ይኸው። ነጥቦቻችሁ እንዳሉ ናቸው።»

«ነጥቦቻችሁ?» አለ ምክትሉ። ወደ ቀኙ አየ። ወደ ግራው አየ። ሁለቱም እሱን አዩት። እያንዳንዳቸው ወደ ምድር ቤት የወረዱት ብቻቸውን መስሏቸው ነበር።

«አሲዱ ለፊት ነው» አለች ነብሮ። «እኔ ያጠፋሁት ጉንጬ ላይ የነበረውን ማድያት ነው። መልካም ገጽታ ያላት ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ገጽታ ሲባል ገጼ መሰለኝ።»

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የነብሮን ጉንጭ አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። «እውነትም ጠርቶልሻል» አለች ሳታስበው።

«ማኅደርሽስ?» አለ ምክትሉ።

«ማኅደሬ ሲፈጠርም ምንም አልነበረበትም።»

ከሰሙት ሁሉ ይህ ነው በጣም ያስደነገጣቸው። ከወንጀለኛ ጋር ቢሆን ይግባቡ ነበር። ንጹሕ ሰው፣ ያውም የሦስቱንም ነውር ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ያውም ምን ብለው እንደለመኗት የሰማች፣ ያውም ጡረታዋ ድረስ ከማኅደራቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ የምትቀመጥ።

«እኔ ሳስበው» አለ ምክትሉ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይቺን ሠራተኛ መዝገብ ቤት ማቆየት... ተገቢ አይመስለኝም።»

«ምንም ተገቢ አይደለም» አለች ኃላፊዋ። «ዛሬውኑ ትውጣ።»

«የሠራተኛ መብት ነው!» ጮኸ ተወካዩ። «አሥራ አንድ ዓመት ያለ መስኮት!»

የተዘጋጀው ቃለ ጉባኤ ተቀደደ። አዲሱ በስድስት ደቂቃ ተጻፈ፤ መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ወዲህ በዚህ ፍጥነት የተጻፈ ነገር የለም። «እጩዋ ካሳየችው ግልጽነት አንጻር» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ፊርማ፣ ሦስት ማኅተም። ነብሮ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀች፤ ደብዳቤዋን አጠፈችና ወደ በሩ ሄደች።

«አንቺ፣ ማኅደሮቹ!» አለ ምክትሉ። «ማን ይመልሳቸው?»

«የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነዋ።»

«ታዲያ አንቺ አይደለሽም?»

«እኔማ መስኮት ቁጥር አንድ ነኝ። መዝገብ ቤቱ ከአሁን ጀምሮ ክፍት የሥራ መደብ ነው» አለችና ወጣች።

ሦስቱ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሦስት ማኅደሮች ያያሉ። «እኔ ላድርሳቸው» አለች ኃላፊዋ፤ «ምን ሲደረግ!» አሉ ሁለቱ። «እንግዲያው እኔ» አለ ተወካዩ፤ «ተቀመጥ!» አሉት። በመጨረሻ ሦስቱም እንዲሄዱ ተስማሙ፤ ግን የራሱን ማኅደር እንዲይዝ ማንም ማንንም አላመነም። ስለዚህ ምክትሉ የኃላፊዋን፣ ኃላፊዋ የተወካዩን፣ ተወካዩ የምክትሉን በደረታቸው አቅፈው፣ ዓይናቸውን አንዱ ከሌላው ሳይነቅሉ፣ በአንድ ሰልፍ ወደ ምድር ቤት ወረዱ።